ቁስል ለምን ይቆጣል?

እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ቋጠሮ ነበረቻት። ስትፈታት ከሳንቲም ጋር ሁለት ሦስት ዲክሎፌናክ ይወጣል። ጠዋት ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት አንዱን ትውጣለች፤ ማታ ጨጓራዋን ሲያቃጥላት ተልባ ታስበጠብጣለች። «ጉልበቴ ሲተወኝ ጨጓራዬ ይይዘኛል» ትል ነበር። ሁለት የማይገናኙ በሽታዎች ይመስሏት ነበር፤ እኛም ከዚያ የተሻለ አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ከአልጋ መነሣት አቅቷት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ጨጓራዋ ይደማ ነበር። ያደማው ለጉልበቷ የምትውጠው ክኒን ነው።

ቋንቋችን ነገሩን ከጥንት ያውቀዋል። እሾህ የወጋው ጣት ሲቀላና ሲያብጥ «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንኑ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሰስ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት አራት ምልክቶቹን ዘርዝሯል፦ ቅላት፣ እብጠት፣ ሙቀትና ሕመም። እሾሁ እንደገባ በአካባቢው ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወጥተው ጀርሙን ይውጣሉ፣ የሞተውን ሥጋ ይጠርጋሉ። ሥራው ሲያልቅ ቁጣው ይበርዳል፣ ቁስሉም ይጠግጋል። ሰውነታችን መቆጣት ባያውቅ ኖሮ አንዲት እሾህ ልትገድለን ትችል ነበር።

ቁጣውን ከሚያቀጣጥሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ፕሮስታግላንዲን ይባላል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሰው የዚህን ንጥረ ነገር መመረት በማገድ መሆኑን አሳየ፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ያው ፕሮስታግላንዲን ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚከላከለውን ልባስ ይጠብቃል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ያግዛል። ክኒኑ ጉልበትን ከጨጓራ አይለይም። እናቴ የጉልበቷን ቁጣ ባበረደች ቁጥር ጨጓራዋን ያለ ጠባቂ ትተወው ነበር።

ጨጓራን የሚያስቆጣ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ሕመም ጋር አገናኙት። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ተልባ ቃጠሎውን ለጊዜው ያለዝብ ይሆናል፤ ባክቴሪያውን ግን አያስወጣም። እሱ የሚጠፋው በሐኪም በታዘዘ አንቲባዮቲክ ነው፤ ያውም ሳያቋርጡ ሲጨርሱት።

ከሁሉም የሚከፋው ድምፅ የሌለው ቁጣ ነው። የሆድ ስብ፣ ሲጋራ፣ የእንቅልፍ እጦትና የታመመ ድድ ሰውነትን ለዓመታት ቀስ ብለው ያስቆጣሉ፤ የደም ሥር ግድግዳም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ያጋጠማቸውን ከ10,000 በላይ ሰዎች ተከታተለ። ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚቀንስ መርፌ ዳግም የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋን 15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በሌላ በኩል መርፌውን በወሰዱት ዘንድ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን በዛ። ጠባቂውን ጨርሶ ማስተኛት ዋጋ ያስከፍላል።

ታዲያ ቁጣውን የሚያበርድ ከቤታችን ምን አለ? ብዙ አለ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ከነገለፈቱ የተፈጨው ጤፍ በአሰር የበለፀጉ ናቸው፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች አሰሩን አብላልተው ቁጣን የሚያበርዱ አሲዶች ይሠሩበታል። የጾም ገበታችን ለዚህ የታደለ ነው፤ በዘይት የተጠበሰና ለስላሳ መጠጥ ካልወረሰው በቀር። ቢጫው እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ብቻውን ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም፤ ቁንዶ በርበሬና ቅባት ሲያገኝ ይሻላል። አልጫችን ላይ እርድና ዘይት ቀድሞውንም አብረው ናቸው። እርድ የጉልበት ሕመምን በመጠኑ እንዳቃለለ ያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። በክኒን መልክ በብዛት ወስደውት ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ግን አሉ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ለጉልበት ከቅመም ሁሉ የሚበልጠው ክብደት መቀነስና መራመድ ነው፤ አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይነሣል።

ቅመም የማይደርስበት ቦታም አለ። ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም «እንጥሉ ወረደ» ብሎ ማስቆረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ አያድንም። ከጉሮሮ ሕመም ሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው እየተፈራረቀ ካበጠ ቁጣው ወደ ልቡ እየሄደ ሊሆን ይችላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከሚያክማቸው ልጆች ብዙዎቹ የልባቸው ቫልቭ በዚሁ መንገድ የተጎዳ ነው። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ሊያስቀር ይችል ነበር።

እናቴ ድናለች። ኤች ፓይሎሪም ተገኝቶባት ታከመች፤ ሐኪሟ ዲክሎፌናክን ከለከላት፤ አሁን ማለዳ ማለዳ እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች። ቋጠሮዋ ውስጥ የቀረው ሳንቲም ብቻ ነው። እርስዎም ነገ ለጉልበት ወይም ለወገብ ክኒን ሊገዙ ሲቆሙ የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለብዎ ለፋርማሲስቱ አስቀድመው ይንገሩ፤ ለስንት ቀን እንደሚወስዱትም ይጠይቁ። ሰገራዎ ከጠቆረ ደግሞ ተልባ አያስበጥብጡ፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ።