ሐር የሚበላ ሳሙና፦ ስለ ኢንዛይም

ዛሬ ስለ ዱቄት ሳሙና ልጽፍልሽ ነው። «ስለ ሳሙና ደግሞ ምን ይጻፋል?» ትዪ ይሆናል። እኔን ግን የግማሽ ወር ደመወዝ አስከፍሎኛል።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። የማዳም ነጭ ሻል ላይ ወተት ፈሰሰበት። ጎበዝ ልባል ብዬ ዱቄት ሳሙና ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ ዘፍዝፌው አደርኩ። ጠዋት እድፉ የለም። ሻሉም ግን ያው ሻል አይደለም፤ ልስላሴው ጠፍቷል፣ አንዳንድ ቦታ ሳስቷል። ለካ ሐር ነበር። ማዳም «በረኪና ጨምረሻል» አለች። አልነካሁም ብዬ ብምልም ማን ይሰማል? ተቆረጠብኝ። ምን እንደበላው ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ የሳሙናውን ካርቶን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሳስተረጉመው ነው። «ኢንዛይም አለው፣ ለሐርና ለሱፍ አይሆንም» ይላል።

ኢንዛይም የሚለውን ቃል አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ ለፈተና ሸምድጄው፣ ከፈተናው ጋር ረስቼው ነበር። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ኢንዛይም ሰውም፣ እንስሳም፣ ተክልም፣ ባክቴሪያም የሚሠራው ፕሮቲን ሲሆን፣ በራሱ ቢተው በጣም የሚዘገይን ለውጥ ያፋጥናል። ቁራሽ ዳቦ ሳትውጪ ብዙ አኝኪው፤ ጣፈጥ ማለት ይጀምራል። ምራቅሽ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የዳቦውን ስታርች ወደ ስኳር እየቆራረጠው ነው።

ጠላ ሲጠመቅ ያየሽ ከሆነ ደግሞ ብቅልን አስቢ። እናቴ ገብሱን አርሳ ታበቅለውና በፀሐይ ታደርቀዋለች። አሻሮውን ምጣድ ላይ ስትቆላ፣ ብቅሉን ግን እሳት አታስነካውም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ሲገባኝ፣ ገብሱ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም ይፈጥራል፤ እርሾው ያንን ስኳር ነው ወደ አልኮል የሚለውጠው። ብቅሉ ቢቆላ ኢንዛይሙ ይሞታል። እናቴ ኢንዛይም የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፣ ግን አላበላሸችውም።

እያንዳንዱ ኢንዛይም የራሱ ሥራ አለው። ኤሚል ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በ1894 እ.ኤ.አ. ከቁልፍና ከጓጉንቸር ጋር አመሳስሎታል፤ ቁልፉ የራሱን ጓጉንቸር እንጂ ሌላ አይከፍትም። ሳሙናው ውስጥም እንደዚሁ ነው። ፕሮቲን የሚቆርጠው ለደም፣ ለእንቁላል፣ ለወተትና ለኮሌታ ላብ ነው። ስታርች የሚቆርጠው ለሩዝና ለልጆች ገንፎ፣ ቅባት የሚቆርጠው ለዘይትና ለቅቤ ነው። አንዱን ቆርጦ ሲጨርስ ራሱ ሳያልቅ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። (እረፍት የለውም፣ እንደኛው።)

ሐርና ሱፍ ደግሞ ራሳቸው ፕሮቲን ናቸው። ሐር ከትል፣ ሱፍ ከበግ ነው የሚመጣው። ኢንዛይሙ የወተቱን ፕሮቲንና የማዳምን ሻል አይለይም። እንደኔ ሌሊቱን ሙሉ ከዘፈዘፍሽው እድፉንም ልብሱንም ይበላልሻል። ጥጥና ፖሊስተር ግን ፕሮቲን ስላልሆኑ በዚህኛው አይጎዱም።

ስለዚህ ከመዘፍዘፍሽ በፊት ልብሱ ውስጥ የተሰፋችውን ጨርቅ እይ። ሳፋ ውስጥ እጅ ከተሳለ በእጅ ይታጠባል ማለት ነው፤ ሳፋው በኤክስ ከተሰረዘ ውሃ አይነካውም፤ ሦስት ማዕዘኑ ከተሰረዘ በረኪና ክልክል ነው። ጨርቋ ከሌለች ማዳምን ጠይቂ። ቃሉ ለኛ ቅርብ ነው፤ በዓረብኛ ሐር «ሐሪር»፣ ሱፍም «ሱፍ» ነው። ካርቶኑ ላይ «ኢንዚማት» የሚል ካየሽ ለእነዚህ አትጠቀሚበት። እኔ አሁን ለሐር ትንሽ የፀጉር ሻምፑ በቀዝቃዛ ውሃ አድርጌ ቶሎ አወጣዋለሁ።

ለሌላው ልብስ ግን ኢንዛይም ድካምሽን ይቀንስልሻል፣ ጊዜ ከሰጠሽው። ለብ ባለ ውሃ፣ ሠላሳ አርባ ዲግሪ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈሽ ተይው፤ እጅሽ እስኪላጥ አትሺው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ደምና እንቁላል ላይ ደግሞ የፈላ ውሃ ካፈሰስሽ እድፉን ታበስይዋለሽ፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው። በረኪናም ኢንዛይሙን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ አብረሽ አትጨምሪ። በረኪና ካነሳን አይቀር፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አታቀላቅይው። የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፣ ሰው ይገድላል።

ዱቄቱንም ከላይ አታፍስሺው፣ አይቡነን። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች የኢንዛይም ብናኝ እየሳቡ አስም ይዟቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ ኢንዛይሙን በሽፋን ጠቅልለው በትንንሽ ፍሬ ማድረግ ጀመሩ። ቢሆንም ቀስ ብለሽ ጨምሪ፣ እጅሽ ከተሰነጠቀም ጓንት አድርጊ።

አንዳንድ እህቶች «ከአሳማ ነው የሚሠራው ይባላል» ብለው ይጠይቁኛል። ኦቶ ሮም የሚባል ጀርመናዊ በ1913 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለልብስ ሳሙና ሲያስበው ከእንስሳት ቆሽት ነበር የወሰደው። የዛሬው ግን በትልልቅ ጋን ከሚራቡ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ነው የሚገኘው።

አንድ ነገር ቀረ፣ የእርድ እድፍ። ኢንዛይሙ የከብሳውን ሩዝና ዘይት ያነሳልሻል እንጂ ቢጫው ቀለም ጓጉንቸሩ አይደለም። ጥጥ ከሆነ ካጠብሽው በኋላ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ቢጫው በፀሐይ እየደበዘዘ ይሄዳል።