መርከቧ ስታርፍ ሒሳቡ አያርፍም

ካላካላ የተባለችው አሻጋሪ መርከብ በሲያትልና በብሬመርተን መካከል ሰውና መኪና ማመላለስ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ በ1967 ከሥራ ተሰናበተች። ያገለገለችው 32 ዓመት ነው፤ ከጡረታ እስከ መፍረሷ ያለፈው ግን 48 ዓመት። የአንድ ንብረት የመሸኛ ወጪ መቆጠብ ያለበት ንብረቱ ገና ገቢ እያስገባ ሳለ መሆኑን ከዚህች መርከብ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

ያረጀ መርከብ ሌላ ሥራ ካገኘ ያዋጣል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ካላካላ ራሷ የተሠራችው በ1933 በተቃጠለችው ፔራልታ የተባለች መርከብ ቀፎ ላይ ነበር። ይህ ያዋጣው የየዕለቱ ቲኬት የየዕለቱን ጥገና ስለሸፈነ ነው። ከ1967 በኋላ አላስካ ውስጥ የሸርጣንና የሽሪምፕ ማዘጋጃ ሆነች፤ ያ ሥራ ሲቆም ዝገቱ አልቆመም። በ1998 ወዳጆቿ አስጎትተው ወደ ሲያትል ቢመልሷትም የማደሻ ገንዘብ ጠፋ፤ በ2003 በጨረታ ተሸጠች፤ በ2015 ታኮማ ላይ ተቆራረጠች። እጅ በለወጠች ቁጥር ገዢው ከባለቤትነቱ ጋር የተረከበው የመቆሚያ፣ የጥበቃና የጥገና ዕዳ ነበር። ዋጋዋን ያረከሰውም ይኸው ዕዳ ነው።

ቅርስ በቲኬት አይመዘንም የሚለው ተቃውሞ ከባዱ ነው። ሆኖም በ2006 በአሜሪካ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ስትሰፍር ያገኘችው ክብር እንጂ በጀት አልነበረም፤ በጀት የሌለው ቅርስ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ሕዝብ የኔ ካላት በየዓመቱ ሊመድብላት ይገባ ነበር። ብረቷ ተሸጦ ወጪውን ይችል ነበር የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን በአሮጌ መርከብ ላይ የሚገኘውን አስቤስቶስና እርሳስ ያለበት ቀለም በጥንቃቄ ማስወገድ የብረቱን ገቢ ሊበላው ይችላል። ቁጠባው ታሪፍ ያስወድዳል ለሚሉ ደግሞ እናስላ፦ መሸኛው አንድ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ብንል፣ ለ32 ዓመት ሲካፈል በዓመት 31,250 ዶላር ነው። በዓመት አንድ ሚሊዮን ሰው ቢሳፈር ለአንድ ሰው ሦስት ሳንቲም ገደማ ይደርሰዋል። ያቺ ሦስት ሳንቲም በጊዜዋ ስላልተሰበሰበች የማፍረሻውን ሒሳብ የከፈለው አንድም ቲኬት ያልሸጠው የመጨረሻው ባለቤት ሆነ።