ውኃው አልዘጋ ሲል

እናቶች ሆይ፤ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው ባለሙያዎች መካከል ሳኒቴሪያኖች ነበሩበት፤ ሥራቸውም የመጸዳጃና የንጹሕ ውኃ ነገር ነበር። ዛሬ በዳባትና በደባርቅ ቧንቧ በገባላቸው አንዳንድ ቤቶች ውኃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት ስላለ፣ ስለ ውኃ ሳጥኑም መናገር ያስፈልጋል።

ሳጥኑ ሞልቶ ሳለ ውኃው ሌሊቱን ሁሉ «ሽርር» ካለ፣ ነገሩን ቸል አትበሉት። በየአምስት ደቂቃው ሩብ ሊትር ቢፈስ በአንድ ቀንና ሌሊት 72 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ከሦስት ትልልቅ ጀሪካን ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ያህል ከጠፋ እጅ መታጠቢያ ይታጣል፤ የልጆች ተቅማጥም በዚሁ ይገባል። ጉድጓዱም ያለ ጊዜው ሞልቶ ወደ ጓሮ ይወጣል።

በሳጥኑ ውስጥ በዘንግ ጫፍ የተሰካ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ አለ። ውኃው ሲሞላ ኳሱ ተንሳፎ ዘንጉን ያነሣል፤ ዘንጉም አንዲት ትንሽ ጎማ ገፍቶ መግቢያውን ይደፍናል። የሮቶውም አሠራር ይኸው ነው። (በአዲሶቹ ሳጥኖች በኳስ ፈንታ በቋሚ ዘንግ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ኩባያ አለ።)

መጀመሪያ ክዳኑን አንሥታችሁ እዩ። ውኃው በትርፍ መውጫው ቱቦ አፍ እየፈሰሰ ከሆነ ጥፋቱ የመግቢያው ነው። ከቱቦው በታች ሆኖ ሳለ የሚጎድል ከሆነ ግን የታችኛው መልቀቂያ ጎማ ነው። ለመለየት የቀይ ሥር ቅቅል ውኃ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ፤ ሳትለቁት መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ የታችኛው ነው።

ጥፋቱ የመግቢያው ከሆነ ዘንጉን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሡት። ውኃው ቀጥ ካለ ጎማው ደኅና ነው፤ ኳሱ ግን በበቂ አልተነሣም ማለት ነው። ኳሱን ነቅላችሁ ወዝውዙት፤ ውስጡ ውኃ ከተንቦጫቦጨ ተቀዷልና ይለወጥ። ካልተቀደደ፣ የብረት ዘንግ ከሆነ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ጎበጥ አድርጉት፤ የላስቲክ ከሆነ ይሰበራልና ማስተካከያ ብሎኑን አዙሩ። ውኃው ከትርፍ መውጫው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። አንዳንዱ ሰው ኳሱን በጡጫ ይመታዋል፤ ይህ ግን መስበር እንጂ መጠገን አይደለም።

ዘንጉ ተነሥቶም ውኃው ካልቆመ፣ ጎማው ሥር አሸዋ ወይም ዝገት ገብቷል፤ አለዚያም ጎማው አልቋል። ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ ደለል ይዞ ስለሚመጣ ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። የቧንቧውን መዝጊያ ዝጉ፣ ሳጥኑን አጉድሉ፣ የመግቢያውን ራስ በፒንሳ ፍቱ፣ ጎማውንና ቀዳዳውን እጠቡ። ጎማው በአንድ ፊቱ ጎድጉዶ ከሆነ ገልብጦ መመለስ ለጊዜው ይረዳል። የሮቶው ሲሆን ልጅ አይውጣ፤ ክዳኑም ወዲያው ይመለስ።

አዲስ ጎማ እስኪገዛ ድረስ የቧንቧው መዝጊያ እንደተዘጋ ይሁን፤ ሽንት ቤቱን በባልዲ ውኃ ልቀቁት። የጎደለው ኳሱ ብቻ ከሆነ ደግሞ በሳጥኑ አፍ ላይ እንጨት አጋድማችሁ ዘንጉን በሲባጎ ወደ ላይ እሰሩት፤ ውኃ ስትፈልጉ ፈታችሁ መልሳችሁ ማሰር ነው።