የማይሻግተው በርገርና የቤታችን ድርቆሽ

ዛሬ በኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ስለሚዞር አንድ ቪዲዮ እናወራለን። ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። አንድ ሰው ካርቶን ይከፍትና ከብዙ ዓመት በፊት የገዛውን የማክዶናልድስ በርገር ያወጣል። ዳቦው ያው ነው፣ ሥጋው ያው ነው፤ ሻጋታ የለም፣ ትል የለም። ከዚያ ሰውዬው «አያችሁ! ይሄ ምግብ አይደለም፣ ኬሚካል ነው!» ይላል። ቪዲዮው ከአጎት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ እናት ስልክ ይሄዳል። በመጨረሻም «ና እስቲ፣ የምትበላውን ተመልከት!» ተብሎ እናንተ ፊት ይቀርባል።

እውነት ነው ወይስ ውሸት? በርገሩ ሳይሻግት መቆየቱ እውነት ነው። ምክንያቱ ተብሎ የሚነገረው ግን ትክክል አይደለም። ትክክለኛውን ምክንያት እናቶቻችሁ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ለበርገርም ይሠራል ብለው አላሰቡት ይሆናል እንጂ።

በመጀመሪያ ከሁሉ ይበልጥ ዝነኛ ከሆነው በርገር ጋር ላስተዋውቃችሁ። አገሩ አይስላንድ ነው፤ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ያለች ቀዝቃዛ ደሴት። ማክዶናልድስ እዚያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ቢግ ማክ የበሉት የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ2008 ግን የአይስላንድ ባንኮች ወደቁ፤ የአገሪቱ ገንዘብም ዋጋው በጣም ቀነሰ። በርገሩ የሚሠራበት ዕቃ በብዛት ከጀርመን ይመጣ ስለነበር ሁሉም ነገር ተወደደ። ስለዚህ ማክዶናልድስ በኦክቶበር 2009 መጨረሻ ላይ ዘግቶ ወጣ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰዉ ለመሰናበት ተሰለፈ። ከተሰለፉት አንዱ በርገርና የድንች ጥብስ ገዛ፤ ለመብላት ሳይሆን «አይበላሽም» ሲባል ስለሰማ እስቲ ልየው ብሎ ነው። ወስዶ ጋራዡ ውስጥ አስቀመጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያየው እምብዛም አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ በርገሩ የአይስላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ገባ። ቀጥሎም ወደ እንግዳ ማረፊያ ተዛወረና በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ በካሜራ በቀጥታ በኢንተርኔት ይታይ ጀመር። በ2019 አሥር ዓመት ሲሞላው ዜናው በዓለም ተሰማ። የማረፊያው ባለቤትም ድረ ገጹ በቀን እስከ 400,000 ጊዜ እንደሚጎበኝ ለጋዜጠኞች ተናገረ። አስቡት እንግዲህ፣ አይዘፍን፣ አይጨፍር፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ በርገር!

ታዲያ ለምን አልሻገተም? ይህን ለማወቅ ሻጋታ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዘሮቹ በየቤቱ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ አሁን ይህን ስታነቡ እንኳ አጠገባችሁ አሉ። ዳቦ ላይ ወይም ሥጋ ላይ ሲያርፉ ለማደግ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ውሃ ነው። ውሃ ካላገኙ ምግቡ የቱንም ያህል ቢጥም አያድጉም። ባክቴሪያም እንደዚሁ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እንጀራ በፌስታል ተቋጥሮ ከፍሪጅ ውጭ ከቆየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል። እናታችሁ «ወይኔ፣ እንጀራዬ ሻገተ!» ስትል ሰምታችኋል አይደል? ያንኑ እንጀራ ቆራርሶ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው ግን ድርቆሽ ያገኛል። ድርቆሽ ለወራት ይቀመጣል፤ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ በሻንጣው ይዞት ይመጣል። ሊጡ አንድ፣ ምጣዱ አንድ፣ የተጋገረበትም ቀን አንድ ነው። ድርቆሹ ላይ ማንም ኬሚካል አልጨመረበትም። ልዩነቱ ውሃው ብቻ ነው፦ ፌስታሉ ውሃውን አፍኖ ያዘው፣ ፀሐይና ነፋስ ግን ወሰዱት።

ቋንጣስ? ሥጋው በቀጭኑ የሚዘለዘለው ቶሎ እንዲደርቅ ነው። ጨውም ይነሰነስበታል፤ ጨው ውሃውን ስቦ ይይዛልና ለሻጋታና ለባክቴሪያ አይተርፍም። ከዚያ ነፋስ ባለበት ይሰቀላል። እንግዲህ የማክዶናልድስን ትንሹን በርገር ተመልከቱ። ሥጋው ጥሬውን 45 ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን በጣም ስስ ነው። በጋለ ብረት ላይ ሲጠበስ ብዙ ውሃ ያጣል፤ ጨውም አለበት። ዳቦውም ትንሽና የተጠበሰ ነው። ደረቅ አየር ባለው ክፍል ሲቀመጥ ሻጋታው ሳይቀድመው ይደርቃል። ቪዲዮው ላይ የምታዩት በርገር፣ በሌላ አነጋገር፣ ቋንጣ ነው። (ቋንጣ ወዳጆች አትቆጡኝ። ጣዕሙን ማለቴ አይደለም።)

«በምን ይረጋገጣል?» ካላችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2010 ኬንጂ ሎፔዝ አልት የሚባል አሜሪካዊ ምግብ አብሳይና ጸሐፊ ፈተነው። ከሱቅ ሥጋ ገዝቶ፣ ራሱ ፈጭቶ፣ ልክ እንደ ማክዶናልድስ ትንሽ በርገር ሠራ። ሥጋው ላይ ኬሚካል የሚባል ነገር አልጨመረበትም። የሱም በርገር አልሻገተም፤ ከማክዶናልድስ ከመጣው ጋር እኩል ደረቀ። ቀጥሎ ደግሞ የማክዶናልድስን በርገር በሚታሸግ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተው። ውሃው መውጫ ሲያጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሻገተ። ልክ እንደ እንጀራችን!

በ2004 የወጣው «ሱፐር ሳይዝ ሚ» የተባለው ፊልም ዲቪዲ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በመስታወት ብርጭቆ የተከደኑት በርገሮች ሻግተው አስቀያሚ ሆኑ፤ የድንች ጥብሱ ግን አልሻገተም። ለምን ይመስላችኋል? ስለ ድንቹ ቅጥነትና ስለ ጋለው ዘይት አስቡ።

በ2020 ደግሞ ተቃራኒው ቪዲዮ መጣ። በርገር ኪንግ የራሱን «ዋፐር» ለ34 ቀናት አስቀምጦ፣ ሻጋታ ሲለብስ የሚያሳይ ማስታወቂያ ሠራ! «ሰው ሠራሽ ማቆያ የለበትም» ለማለት ነው። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ምሳ እየበላችሁ ግን አትዩት። ዋፐር ትልቅ ሥጋ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ስላለው ውሃው ብዙ ነው፤ ስለዚህ መሻገቱ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ማቆያ የሚባለው ነገር ራሱ ግን ተረት አይደለም፤ ዳቦ ለጥቂት ቀናት እንዳይሻግት ይጨመራል። ማክዶናልድስም በ2018 በአሜሪካ ከታወቁት በርገሮቹ ዳቦ፣ አይብና ማባያ ውስጥ ሰው ሠራሽ ማቆያዎችን እንዳወጣ አስታውቋል። በርገርን አሥር ዓመት የሚያቆየው ግን ድርቀት ነው።

ወላጆች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት። ልጅ «በርገር አይሻግትም፣ ስለዚህ መርዝ ነው» ተብሎ ከተከለከለ በኋላ አንድ ቀን ትምህርት ቤት እውነቱን ይማራል። ያን ጊዜ ትክክለኛውን ምክር ስትነግሩትም «ይሄም እንደዚያኛው ይሆናል» ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛ ምክንያት ደግሞ ሞልቷል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አንድ ቢግ ማክ ከ1,000 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም አለው። ሶዲየም ከጨው የሚገኝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች እንዲወስድ ይመክራል፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ድንችና ለስላሳ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አብራችሁ ደምሩት። ማርም አይሻግትም፣ ግን መርዝ የሚለው የለም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው፣ ልጆች። እናታችሁን ወይም አባታችሁን አስፈቅዳችሁ ከአንድ እንጀራ ሁለት ትንንሽ ቁራሽ ውሰዱ፤ እንጀራ አይባክንምና መዳፍ የምታህል ትበቃለች። አንዷን በሚታሸግ ከረጢት ከታችሁ ዝጉ። ሌላዋን ሳህን ላይ ክፍቱን ተዉ። ሁለቱንም አንድ ቦታ አስቀምጡና በየቀኑ ያያችሁትን በአማርኛ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ቀለሙ ምን ሆነ? ጠረዙ ተጠቀለለ? ነጠብጣብ የወጣው በስንተኛው ቀን ነው? ሁለቱንም አትቅመሱ። የሻገተውን ከረጢት አትክፈቱ፣ አታሽትቱትም፤ እንደታሸገ ወደ ቆሻሻ ይጣላል።

ከሳምንት በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ ክፍል ውስጥ እናነበዋለን። ከረጢቱን ግን አደራ፣ ይዛችሁ እንዳትመጡ!