የውቤ ቤትና ደራስጌ ማርያም

የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ቤት በዘመነ መሳፍንት ሰሜንን የገዛ ነው። አያታቸው ራስ ገብሬ፣ አባታቸው ራስ ኃይለ ማርያም ናቸው። ከ1823 ዓ.ም. የደብረ ዓባይ ጦርነት በኋላ ውቤ ትግራይንም ያዙ።

አገሩ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይቶ ነበርና ውቤ በ1833 ዓ.ም. ወደ ግብፅ መልእክተኞች ላኩ። አብሯቸው የሄደው ጣሊያናዊው የካቶሊክ ካህን ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ ነበር፤ ከመልእክተኞቹ የተወሰኑትንም ሮም ድረስ ወስዶ ከጳጳሱ ከጎርጎርዮስ 16ኛ ጋር አገናኛቸው። ከእስክንድርያ የመጡት አቡነ ሰላማ ግን የካቶሊኮች ብርቱ ተቃዋሚ ሆኑ።

ጃናሞራ ያለችው ደራስጌ ማርያም ብዙ ጊዜ «የቴዎድሮስ ቤተ ክርስቲያን» ትባላለች። ስሕተት ነው። ያሠሯት ውቤ ናቸው፤ ሊነግሡባትም አስበው ነበር። በ1829 ዓ.ም. ዕፅዋት ሊሰበስብ የመጣው ጀርመናዊው ሺምፐርና የአገሩ ልጅ ሠዓሊው ዛንደር በሥራው ረድተዋል። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደራስጌ ላይ ድል አደረጉ። በሦስተኛው ቀን አቡነ ሰላማ፣ ውቤ ገንዘብ አውጥተው ያስመጧቸው ጳጳስ፣ ካሣን በውቤ ደብር ቀብተው ቴዎድሮስ ብለው አነገሡ። እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ከንግሡ ቢጀምርም የደብሩን ባለቤት ሳይጠራ ማለፉ ነውር ነው። ሥዕሉንም በጣት መንካት አይገባም፦ በዚያ ዘመን ብዙው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነበርና የእጅ ወዝ ቀለሙን ይበላዋል፣ የጨርቁ ጠርዝም አንዴ ከተላቀቀ እርጥበት ይገባዋል።

ውቤ ታሰሩ። ልጃቸው ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች፣ ልዑል ዓለማየሁንም ወለደች። እርሷ የባሏ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ከወደቀች በኋላ በ1860 ዓ.ም. መንገድ ላይ ሞተች፤ ልጇ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በሊድስ ዐረፈ።

እቴጌ ጣይቱን የውቤ ልጅ የሚያደርጉ አሉ። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የውቤ ወንድም ስለሆኑ ውቤ አጎታቸው ናቸው። ባላቸው ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ እርሳቸውም ከሁለት ቀን በኋላ ዘውድ ጫኑ። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም በዚያችው ደብር አጠገብ ኖረው የካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።