የቆመ ጂፕ እንዴት ይነሣል?

እኔ እዚሁ እስራኤል ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን የሜካኒካል ምህንድስና የምማር ተማሪ ነኝ። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ዕብራይስጥ ቢቀላቀልበት እንደተለመደው ታገሡኝ። የዛሬው ርዕሳችን የድሮ የጦር ሠራዊት መኪናዎችን ማደስና መንከባከብ ነው። እንጀራ ለመብላት ሳይሆን፣ እንዲሁ በትርፍ ጊዜ፣ በፍቅር የሚሠራ ሥራ።

"ይኼ ደግሞ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሴን ከወዲሁ ልናገር። እነዚህን መኪናዎች ማደስ አሮጌውን አዲስ ማስመሰል አይደለም። ሁለት ነገር ማትረፍ ነው። አንደኛው ብረቱ ራሱ የሚናገረው እውነት ነው። ሁለተኛው በሽማግሌ መካኒኮች እጅ ላይ ያለው እውቀት ነው። ሁለቱም አንዴ ከጠፉ በገንዘብ አይመለሱም።

እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነን አንድ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ ላይ እንሠራለን። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጂፑ በአንድ ሞሻቭ ከመጋዘን ጀርባ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ነበር። ስለዚህ ምሳሌዬን ሁሉ ከዚያው ከጂፑ እወስዳለሁ። ዓመቶቹን የምናገረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ጂፕ ምንድን ነው? በ1940 የአሜሪካ ጦር አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ትንሽ፣ ቀላል መኪና ፈለገና ለ135 ፋብሪካዎች ጥያቄ ላከ። የመጀመሪያው ናሙና እንዲቀርብ የተሰጠው ጊዜ 49 ቀን ብቻ ነበር! ባንታም የሚባል ትንሽ ኩባንያ ናሙናውን ሴፕቴምበር 23 ቀን 1940 አስረከበ። ጦሩ ግን ባንታም የሚፈለገውን ያህል ማምረት አይችልም ብሎ ስለሠጋ ዋናው ሥራ ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ። እስከ 1945 ድረስ ሁለቱ ተደምረው ከ600,000 በላይ ጂፕ ሠርተዋል። ሞተሩ አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ነው። የዛሬ ትንሽ የከተማ መኪና እንኳ ከዚህ የበለጠ ጉልበት አለው። የጂፑ ብልሃት ጉልበቱ ሳይሆን ቀላልነቱ ነው፤ አንድ ወታደር ሜዳ ላይ በጥቂት መፍቻ ብዙውን ነገር መጠገን ይችላል። የፊት መብራቱ እንኳ ተፈትቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና በሌሊት ሞተሩን ያበራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና ስታገኙ የመጀመሪያው ሥራ መፍቻ ማንሣት አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ ማየት ነው። ፎቶ ማንሣት፣ መጻፍ፣ እያንዳንዱን ቡሎን በከረጢት አድርጎ ስሙን መለጠፍ። ምክንያቱም መኪናው ማን እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል። ለምሳሌ ዊሊስና ፎርድ ከውጭ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። ግን ከራዲያተሩ በታች ያለውን የሻንሲውን አግዳሚ ብረት ተመልከቱ፤ ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ ነው፣ አራት ማዕዘን ከሆነ ፎርድ ነው። ፎርድ ደግሞ በብዙ ዕቃዎቹ ላይ፣ በቡሎን ራስ ላይ ሳይቀር፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያትም ነበር። የእኛ ጂፕ ሻንሲው የፎርድ፣ ሞተሩ የዊሊስ ሆኖ ተገኘ። ይኼ ጉድለት አይደለም። ጦር ሠራዊት መኪና የሚጠግነው በእጁ ባለው ዕቃ ነው፤ የተቀላቀለው ዕቃ ራሱ ታሪክ ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ ነው። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ሞተሩን ለማስነሣት ነው። የሚያውቁት ግን ከፍሬን ይጀምራሉ፤ የሚሄድ ግን የማይቆም መኪና ከቆመ መኪና የባሰ ነውና። የጂፑ የእግር ፍሬን በዘይት የሚሠራ ሲሆን መስመሩ አንድ ብቻ ነው። የዛሬ መኪና ሁለት መስመር ስላለው አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። በጂፑ ላይ አንዱ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። ስለዚህ ቱቦዎቹንና ጎማዎቹን ያለ ርኅራኄ በአዲስ መለወጥ ነው፤ እዚህ ላይ "ኦሪጅናል ይቆይ" የሚባል ነገር የለም። በተጨማሪ የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን በኮምፕረሶር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አፍና አፍንጫም በሚገባ ማስክ ይሸፈናል።

ከዚያ ሞተሩ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጡ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል በሞተሪኖ ማስገደድ አይገባም። ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፣ በየቀዳዳው ሰርሳሪ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ለቀናት ይተዋል። ከዚያ ከፊት በሚገባው የእጅ ማዞሪያ ብረት ቀስ ብሎ መሞከር ነው። እሺ ካለ በኋላ አሮጌው ዘይት ይደፋል፣ የዘይት መያዣው ወርዶ ይታጠባል። የቤንዚን ታንኩ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ውስጡ ዝገትና እንደ ሙጫ የሆነ አሮጌ ቤንዚን አይጠፋም። ባዶ ነው ብላችሁ በእሳት እንዳትበይዱት፤ ባዶ ታንክ ውስጥ ያለው ትነት ይፈነዳል።

ሌላው አደጋ ጎማው ነው። የጦር ጂፕ ቸርኬ ከሁለት ግማሽ ተሠርቶ በቡሎን የተያያዘ ነው። ጎማው ውስጥ አየር እያለ እነዚያን ቡሎኖች የፈታ ሰው ብረቱ ፊቱ ላይ ይወረወርበታል። አብረውን የሚሠሩት አጎቴ ሌላ ሰው ወደ ጎማው በተጠጋ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "አየሩ ወጥቷል ወይ?" ሦስቴ ብትመልሱላቸውም አራተኛ ይጠይቃሉ።

ስለ አጎቴ ትንሽ ልበል፣ ከርዕሱ አልወጣሁም። አጎቴ ጎንደር ውስጥ ለዓመታት መካኒክ ነበሩ። ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ የሩሲያውን ዋዝ፣ ያልፈቱት የለም። እዚህ ሲመጡ ግን አንድ ሙሳኽ ሥራ ሊጠይቁ ቢሄዱ "ዲፕሎማ የታለ?" አሏቸው። ዲፕሎማቸው እጃቸው ነበር፤ ያንን የሚያነብ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታ ድረስ በጥበቃ ሠሩ። እኔ ራሴ መካኒክ እንደነበሩ የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር።

አንድ ዓርብ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ከፊት በኩል ቀጭን ጩኸት ይሰማ ነበር። ሁላችንም በስልካችን እየፈለግን እያለ አጎቴ ረጅም ካቻቢቴ አነሡ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቦታ እየለዋወጡ አዳመጡ። "ይኼ የውኃው ፓምፕ ኩሽኔታ ነው። አውጡት" አሉ። ስናወጣው ኩሽኔታው ተበልቶ ነበር። እኔ ስለ ንዝረት በዩኒቨርሲቲ አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ብረት ድምፅን እንዴት እንደሚያስተላልፍ በቀመር መጻፍ እችላለሁ። የትኛው ድምፅ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ መለየት ግን ሌላ ትምህርት ነው፣ በመጽሐፍም አይገኝም። የድሮ መኪና ኮምፒውተር የለውም፤ ችግሩን የሚናገረው በድምፅ፣ በሽታና በሙቀት ነው። ያንን ቋንቋ የሚሰሙ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው።

በቋንቋ ነገር የምንስቅበትም አለ። የዕብራይስጡ የሙሳኽ ቋንቋ በእንግሊዞች ዘመን ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። የኋላውን የጎማ ድልድይ እንግሊዞቹ "ባክ አክስል" ሲሉ ተሰማና "ቤክአክስ" ሆነ፤ ከዚያ የፊተኛው "ቤክአክስ ኪድሚ" ተባለ፣ ማለትም "የፊት የኋላ ድልድይ"! የእኛ የአማርኛ ጋራዥ ደግሞ ጣሊያን ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በመጀመሪያው ወር የጂፑ ባለቤት በዕብራይስጥ፣ አጎቴ በአማርኛ፣ ሁለቱም የሌላ አገር ቃል እየተናገሩ እኔ መሐል ቆሜ አስተረጉም ነበር። አሁን አያስፈልጋቸውም፤ በጣት ጠቁመው ይግባባሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ ምን ይታደስ? ምንስ ይተው? ሁለት የምታውቋቸውን ቦታዎች አስቡ። ወደ ኢየሩሳሌም ስትወጡ ሻዓር ሃጋይ አካባቢ ከመንገዱ ዳር የቆሙ የብረት መኪናዎች አሉ። በ1948 ወደ ተከበበችው ከተማ ምግብና መሣሪያ ይዘው ከሚወጡት ጉዞዎች የቀሩ ናቸው። በሁለት ብረት መሐል እንጨት ተደርጎ ስለተሠሩ "ሳንድዊች" ይባሉ ነበር። እነሱን ማንም አስነሥቶ አይነዳቸውም፤ ዝገት እንዳይበላቸው ይቀባሉ፣ ይኸው ነው። መሰባበራቸው ራሱ ምስክር ነውና። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ላትሩን ላይ፣ በታንከኞች ሙዚየም፣ ማማ ላይ የተሰቀለ የሸርማን ታንክ አለ። ከታች ሲያዩት ሙሉ ታንክ ነው፤ ግን ማማው እንዲሸከመው ሞተሩ ወጥቶለታል። እሱ ምልክት ነው። የእኛ ጂፕ ከሁለቱም አይደለም፤ እንዲሄድ የምንፈልገው መኪና ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ የሚመጣው "ይኼ ለምን ይቆያል?" ከሚለው ጥያቄ ነው።

በእኛ መሐል ክርክር ያስነሣው ቀለሙ ነበር። አንዳንዶቻችን በ1948 በደቡብ ግንባር በጂፖቻቸው የታወቁትን የ"ሹዓሌ ሺምሾንን" ምልክት እንቀባበት አልን። ያምር ነበር፣ በሰልፍም ሰው ይሰበሰብበት ነበር። ነገር ግን ጂፑ ከነሱ ጋር እንደነበረ የሚያሳይ አንድም ወረቀት፣ አንድም ቁጥር የለንም። በዚያ ግንባር ልጃቸውን ያጡ ቤተሰቦች አሉ። ልጅ ይዞ የመጣ አባት "ይኼ ያ ጂፕ ነው" ብሎ ቢያስረዳ፣ ውሸቱን የጻፍነው እኛ ነን። የእኛ ማኅበረሰብ ታሪኩ ሌላ ሰው በፈለገው ቀለም ሲቀባበት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። በመጨረሻ ያለ ምልክት ደብዛዛ የወይራ አረንጓዴ ቀባነው። ከሾፌሩ መግቢያ አጠገብ ግን የመዳፍ ስፋት ያህል ሳንፍቀው ተውን። እዚያ ላይ ከታች አረንጓዴ፣ ከላዩ የአሸዋ ቀለም፣ ከዚያ በላይ የሞሻቡ ሰማያዊ ይታያል። አሮጌ ቀለም የምትፍቁ ካላችሁ ደግሞ፣ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ልጆች አጠገብ አይደረግም።

ታድሶ ካለቀ በኋላስ? ያኔ ነው ጥገናው የሚጀመረው። በ1944 የወጣው የጦሩ መመሪያ፣ ቲኤም 9-803፣ ሾፌሩ መኪናውን አራት ጊዜ እንዲያይ ያዛል፤ ከመነሣቱ በፊት፣ እየነዳ፣ በእረፍት ላይ፣ ከተመለሰ በኋላ። ዘይት፣ ውኃ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ የሚያንጠባጥብ ነገር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ጥሩ ነው። ግራሶ በየቦታው በጊዜው ይሰጣል። መኪናው ባይነዳም ቢያንስ በወር አንዴ ተነሥቶ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ ይሠራ፣ ትንሽም ይሂድ። መኪና ከመሥራት ይልቅ በመቆም ይሞታል።

መግዛት ለምታስቡ አንድ ምክር። እዚህ አገር 30 ዓመት ያለፈው መኪና "ሬኼቭ አስፋኑት" ማለትም የሰብሳቢ መኪና ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ግን ቴስትም ኢንሹራንስም አይቀርለትም። ስለዚህ ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሻንሲው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ገንዘብ ከሌላችሁ ደግሞ መኪና መግዛት ግዴታ አይደለም። የሚሠሩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያጥብ፣ የሚይዝ፣ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። እኔም የገባሁት ቡሎን በማጠብ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ቤታችሁ ውስጥ ጠይቁ። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ የጎረቤቱ ጋሼ፣ እዚያ አገር እያሉ በእጃቸው ምን ይሠሩ እንደነበር። መካኒክ፣ ቀጥቃጭ፣ አናጢ፣ በያጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ስልካችሁን ክፈቱና ቅረጹ፤ የዕቃውን ስም እነሱ በሚጠሩት መንገድ ጻፉ። አጎቴ 30 ዓመት ሙሉ ዝም ያሉት እውቀት ስላልነበራቸው አይደለም፤ የጠየቃቸው ስለሌለ ነው።

ለዛሬ ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን፣ በተለይ የመኪና ዕቃ የአማርኛ ስም የምታውቁ ሁሉ ላኩልን፤ እየሰበሰብን ነው። በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ። ሻባት ሻሎም።