ባለብዙ ቻናል የዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ፦ የፋብሪካ ኤሌክትሮኒክስ ማዳመጫ

በፋብሪካ ማሽኖች ውስጥ የሚገኙት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች፣ ማለትም የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ኢንቨርተሮች፣ የሙቀትና የግፊት መለኪያዎች፣ የምርት መስመሩን ቅደም ተከተል የሚመሩት ፒኤልሲዎችና የመሳሰሉት፣ ከጥገና ባለሙያው ጋር የሚነጋገሩት እስከ ዛሬ ድረስ በብዛት በሲሪያል መስመር ነው። ሲሪያል መስመር መረጃን በአንድ ሽቦ ላይ ቢት በቢት፣ አንዱን ከሌላው በማስከተል የሚያስተላልፍ ዘዴ ሲሆን፣ ባለብዙ ቻናል የዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ እንዲህ ያሉ መስመሮችን በአንድ ጊዜ ለማዳመጥና በእነርሱም ላይ ትእዛዝ ለመላክ ያስችላል። መጠኑ በመሣሪያ ቦርሳ ኪስ ውስጥ የሚገባ በመሆኑ፣ ባለሙያው ማሽኑ ወዳለበት ቦታ ይዞት ይሄዳል።

ሲሪያል መስመር ከኮምፒውተር ዓለም ይጠፋል ተብሎ በተደጋጋሚ ቢነገርም ያልጠፋው ቀላል ስለሆነ ነው። አርኤስ-232 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር ሲወጣ፣ የታሰበው ሞደምን ከቴሌፕሪንተርና ከመሰል መሣሪያዎች ጋር ለማገናኘት ነበር። ዛሬ ግን ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ዩአርት የሚባል የሲሪያል መላኪያና መቀበያ ክፍል ሳይኖረው አይሠራም ማለት ይቻላል። ዩአርት ኔትወርክም ሆነ የተሟላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለማይፈልግ፣ አንድ ቦርድ ኃይል እንዳገኘ ወዲያውኑ፣ ሌላው ክፍል ሁሉ ገና ሳይነሣ፣ የመጀመሪያውን መልእክት በእርሱ በኩል ሊያወጣ ይችላል። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ሲቆምም የመጨረሻው የስህተት መልእክት የሚገኘው በአብዛኛው በዚሁ መስመር ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዩኤስቢ የቀድሞዎቹን ባለዘጠኝ ፒን የሲሪያል ሶኬቶች ከላፕቶፖች ላይ ቀስ በቀስ አስወግዷቸዋል፤ አስማሚው ተፈላጊ የሆነውም ማሽኑ በሲሪያል፣ ላፕቶፑ ደግሞ በዩኤስቢ ብቻ የሚነጋገሩ በመሆናቸው ነው።

አንድ ቻናል ያለው አስማሚ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ብዙ ቻናል ያስፈለገበት ምክንያት በዘመናዊው የኢንዱስትሪ ቦርድ አሠራር ይገለጻል። በአንድ መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬድ ዋና ፕሮሰሰር፣ ሞተሩን በቅርብ የሚከታተል ማይክሮኮንትሮለር፣ የሞባይል ኔትወርክ ሞደም፣ እንዲሁም ከውጭ መለኪያዎች ጋር የሚነጋገር የመስክ መስመር በአንድነት ሊገኙ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን የሲሪያል መልእክት ያወጣሉ። ብልሽቱ በአንዱ ክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር በበቃ ነበር። አስቸጋሪዎቹ ብልሽቶች ግን በክፍሎቹ መካከል የሚፈጠሩ ናቸው፦ ዋናው ፕሮሰሰር ትእዛዝ ልኬያለሁ ይላል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ደግሞ ምንም አልደረሰኝም ይላል። ከሁለቱ የትኛው እንደተሳሳተ የሚታወቀው የሁለቱም ቃል ጎን ለጎን ሲመዘገብ ብቻ ነው። አንድ መስመር ብቻ በሚመረመርበት ጊዜም ቢሆን ሁለት ቻናል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአርኤስ-232 እያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱ ሽቦ ስላለው፣ በሁለት መሣሪያዎች መካከል ገብቶ ንግግራቸውን ለማዳመጥ ለአንዱ አቅጣጫ አንድ፣ ለሌላውም አንድ መቀበያ መመደብ ግድ ይላል።

ለዚህ ዓይነት አስማሚ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው መቀመጫው በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ የሆነው ኤፍቲዲአይ ኩባንያ የሚሠራውን ኤፍቲ4232ኤች የተባለ ቺፕ የያዘው ነው። ቺፑ በዩኤስቢ በኩል በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ፍጥነት የሚገናኝ ሲሆን፣ በሌላው ጎኑ አራት ነጻ የሲሪያል ቻናሎች አሉት። ከአራቱ ሁለቱ ከተራው ሲሪያል በተጨማሪ ጄታግ የተባለውን ዘዴ፣ ማለትም ፕሮሰሰርን ለመመርመርና ፕሮግራም ለመጫን የሚያገለግለውን መስመር፣ ለማንቀሳቀስ የሚችል ክፍል ስላላቸው፣ በአንድ ገመድ አዲስ ፕሮግራም እየጫኑ የቀሩትን ክፍሎች መልእክት ማንበብ ይቻላል። የሲሊኮን ላብስ ሲፒ2108 እና የቻይናው ደብሊውሲኤች ኩባንያ ሲኤች344ም እንዲሁ ባለአራት ቻናል ናቸው።

ቺፑ ራሱ የሚናገረው በ3.3 ቮልት ደረጃ ነው፤ በፋብሪካ ውስጥ ያለው መስመር ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። በአርኤስ-232 ተቀባዩ ከ3 እስከ 15 ቮልት ያለውን ፖዘቲቭ እንደ ዜሮ፣ ከ3 እስከ 15 ቮልት ያለውን ኔጋቲቭ እንደ አንድ ያነባል፤ እንዲህ ያለው ቮልቴጅ በቀጥታ በ3.3 ቮልት ፒን ላይ ቢገባ ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል። አርኤስ-485 ደግሞ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት የሚያነብ በመሆኑ በአካባቢው ባሉ ሞተሮች ጫጫታ በቀላሉ አይረበሽም፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም እስከ 1200 ሜትር ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ጥሩ አስማሚ በቺፑና በሶኬቱ መካከል ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚስማማ የቮልቴጅ መቀየሪያ አለው። በአርኤስ-485 ላይ ኤ እና ቢ የሚባሉት የሁለቱ ሽቦዎች ምልክቶች በአምራቾች ዘንድ የማይመሳሰሉበት ጊዜ ስላለ፣ ምንም መልእክት ሳይነበብ ሲቀር ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚያደርጉት ሁለቱን ማቀያየር ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው፣ ነገር ግን በገዢዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የጊዜ ጉዳይ ነው። ዩኤስቢ የደረሰውን እያንዳንዱን ፊደል ወዲያውኑ ለኮምፒውተሩ አያስረክብም፤ ደብዳቤ ከረጢቱ እስኪሞላ ወይም የመነሻ ሰዓቱ እስኪደርስ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ቺፑም የደረሱትን ፊደላት አጠራቅሞ በጥቅል ይልካቸዋል። በኤፍቲዲአይ ቺፖች ላይ ይህ የመቆያ ጊዜ ካልተቀየረ በስተቀር 16 ሚሊ ሰከንድ ነው። በ115200 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 115200 ቢት በሚያልፍበት ፍጥነት፣ እያንዳንዱ ፊደል ከመነሻና ከመዝጊያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚይዝ፣ በ16 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ከ180 በላይ ፊደላት ያልፋሉ። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚመዘግበው ሰዓት እንግዲህ መልእክቱ ከማሽኑ የወጣበት ሳይሆን ጥቅሉ የደረሰበት ነው፤ በሁለት ቻናሎች ላይ የታዩ ሁለት ክስተቶችም ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ሊመዘገብ ይችላል። ምክንያቱን እንደ ውጤት፣ ውጤቱን እንደ ምክንያት አድርጎ የሚያሳይ መዝገብ ባለሙያውን ከናካቴው መዝገብ ከማጣት የከፋ ጉዳት ላይ ይጥለዋል።

ችግሩ በሞድባስ ላይ በግልጽ ይታያል። ሞድባስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ ለፒኤልሲዎቹ ያወጣው የመነጋገሪያ ሥርዓት ሲሆን፣ አርቲዩ በተባለው ዓይነቱ አንድ መልእክት ማለቁ የሚታወቀው ለሦስት ተኩል ፊደል ያህል ጊዜ በሚቆይ ዝምታ ነው። በ9600 ባውድ ይህ ዝምታ 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሚሆን፣ የ16 ሚሊ ሰከንዱ መቆያ ባልተቀየረበት አስማሚ ጥያቄውና መልሱ ተጣብቀው እንደ አንድ መልእክት ሊነበቡ ይችላሉ። መቆያው በዊንዶውስ የፖርቱን ቅንብር ከፍቶ፣ በሊኑክስም ድራይቨሩ በሚያሳየው ፋይል አማካይነት ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ዝቅ ሊደረግ ይችላል፤ ይህ በእያንዳንዱ ቻናል ላይ ለየብቻ የሚደረግ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ሊጤን የሚገባው የኤሌክትሪክ ልየታ ነው። ላፕቶፕ በቻርጀሩ በኩል፣ ማሽኑ ደግሞ በራሱ የኃይል መስመር ከምድር ጋር ሲያያዙ፣ በሁለቱ ግራውንዶች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ሊኖር ስለሚችል፣ አስማሚው ሲሰካ ያልተፈለገ ጅረት በሲሪያል ገመዱ በኩል ያልፋል። የልየታ ክፍል ያለው አስማሚ ምልክቱን በብርሃን ወይም በመግነጢሳዊ መንገድ እያሻገረ፣ ሽቦ ለሽቦ ያለውን ግንኙነት ይቆርጠዋል። በባለብዙ ቻናል አስማሚ ላይ ልየታው ከላፕቶፑ ብቻ ሳይሆን በቻናሎቹ መካከልም መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ካልሆነ አንዱ ቻናል ከኢንቨርተሩ፣ ሌላው ከመለኪያው ጋር ሲያያዝ፣ ቀድሞ ተለያይተው የነበሩት ሁለት ግራውንዶች በአስማሚው ውስጥ ይገናኛሉ።

አስመሳይ ቺፕ ሌላው ሥጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ያሰራጨው ድራይቨር የአስመሳይ ቺፖችን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ በመቀየሩ፣ ሳያውቁ የገዟቸው ተጠቃሚዎች መሣሪያ በኮምፒውተራቸው መታወቅ አቁሟል፤ ከፍተኛ ተቃውሞ በመነሣቱም ድራይቨሩ ተነሥቷል። ትክክለኛ ቺፕ በየራሱ የተለየ ተከታታይ ቁጥር ሊያዝበት ስለሚችል፣ አራቱ ቻናሎች ገመዱ በየትኛውም ቀዳዳ ቢሰካ ስማቸው ሳይለወጥ እንዲገኙ ያደርጋል፤ ትእዛዝ ወደ ሞደሙ መስሎት ወደ ሞተሩ የላከ ሰው የዚህን ጥቅም በሚገባ ያውቀዋል።

አስማሚውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማይታወቅ ቦርድ ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ በቅድሚያ የመስመሩን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለካ፤ ከዚያም ግራውንዱንና መቀበያውን ብቻ አያይዞ ያዳምጥ፤ የመላኪያውን ሽቦ የሚያገናኘው ማሽኑ የሚናገረውን አንብቦ ከተረዳ በኋላ ይሁን።